የጎጃምን ማሳ በራዳር ለማየት፦ ጥማዱን ሳያጠፉ ስፔክልን መቀነስ

ከሰኔ እስከ መስከረም የጎጃምን ማሳ በተለመደው የሳተላይት ፎቶ ለማየት የሞከረ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ደመና ነው። ጤፉ የሚዘራው፣ በቆሎው የሚያድገው፣ ግልገል ዓባይ ሞልቶ በጣና ዳርቻ ሜዳ ላይ የሚተኛው ደግሞ በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ ሥራው የግድ ወደ ራዳር ይወስዳል። ራዳር የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ስለሚለካ ደመናም ሌሊትም አያግደውም። ጣጣው የሚመጣው ምስሉን የከፈቱ ዕለት ነው፤ ሜዳው ሁሉ ሰርገኛ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። ወጥ መሆን የሚገባው አንድ ማሳ ውስጥ ነጭና ጥቁር ፒክስሎች ተደባልቀው ይታያሉ። የሙያው ሰዎች ስፔክል ይሉታል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር በነፃ በሚገኘው የሴንቲኔል-1 ምስልና የአውሮፓ ጠፈር ድርጅት በነፃ በሚያቀርበው ስናፕ ሶፍትዌር የሚሠራ ነው። ከመጀመሬ በፊት አቋሜን ልናገር። ብዙ ሰው ጊዜውን የሚያጠፋው የትኛው ማጣሪያ ይሻላል በሚለው ክርክር ነው፤ ሊ፣ ፍሮስት፣ ጋማ ማፕ እያለ። እንደኔ ግን ውጤቱን ይበልጥ የሚወስነው የማጣሪያው መስኮት (ማጣሪያው በአንድ ጊዜ አብሮ የሚያያቸው ፒክስሎች ካሬ) ስፋት ነው፤ የመስኮቱን ስፋት መወሰን ያለበት ደግሞ የማሳው ስፋት ነው። ለሰፋፊ እርሻዎች የተጻፈ መመሪያ 7 በ 7 ተጠቀሙ ስላለ ብቻ እዚህ እንዳለ መቅዳት የአንዱን ገበሬ ጤፍ ከጎረቤቱ ዳጉሳ ጋር መቀላቀል ነው።

ምን እንደሚቀነስ ማወቅ

የሴንቲኔል-1 ራዳር በተለመደው የየብስ አሠራሩ መሬት ላይ 20 በ 22 ሜትር ገደማ የሆነን ቦታ እንደ አንድ ነጥብ ያያል። በዚያ ቦታ ውስጥ ጓል አለ፣ አገዳ አለ፣ ቅጠል አለ፣ ድንጋይ አለ። እያንዳንዳቸው 5.6 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለውን ሞገድ ከየራሳቸው ርቀት ይመልሱታል። የሚመለሱት ሞገዶች ጫፍ ከጫፍ ሲገጥሙ ይደማመራሉ፤ የአንዱ ጫፍ ከሌላው ስርጉድ ሲገናኝ ይጣፋሉ። በዚህ የተነሳ በአንድ ቀን ታርሰው በአንድ ቀን የተዘሩ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቦታዎች አንዱ ደማቅ፣ አንዱ ጨለማ ሆነው ይመጣሉ። የመሣሪያው ብልሽት አይደለም፤ የተሻለ ሳተላይት ቢገዛም አይጠፋም።

ስፔክል በምስሉ ላይ የሚደመር ሳይሆን የሚባዛ ነው። ደማቅ በሆነ ቦታ መዋዠቁም ትልቅ ነው፣ ጨለማ በሆነ ቦታ ትንሽ ነው። ለተራ ፎቶ የተሠሩ ማለስለሻዎች እዚህ የማያዋጡትም ለዚህ ነው።

መጠኑ የሚለካው በሉክ ነው። አንድ ፒክስል ስንት ነፃ ምልከታዎች ተደምረው እንደተሠራ የሚናገር ቁጥር ነው። ወጥ በሆነ ቦታ ላይ መደበኛ ልይይቱን ለአማካዩ ሲያካፍሉ፣ 1 ለሉኩ ስኩዌር ሩት ሲካፈል የሚገኘውን ያገኛሉ። ከመረጃ ቋቱ ጂአርዲ (GRD) በሚል ዓይነት የሚወርደው የሴንቲኔል-1 ምስል 4.4 ሉክ ገደማ አለው፤ ስለዚህ ልይይቱ የአማካዩ 48 በመቶ ያህል ነው። በዴሲቤል (የምላሹን ብርታት በሎጋሪዝም በሚገልጸው መለኪያ) ሲታይ አንድ ነጠላ ፒክስል በ2 ዴሲቤል ገደማ ወደ ላይም ወደ ታችም ይዋዥቃል ማለት ነው። በታረሰና ባልታረሰ ማሳ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከዚህ እምብዛም ስለማይበልጥ፣ ከአንድ ፒክስል ላይ ተነስቶ ስለ ማሳው መናገር አይቻልም።

አሁን ሂሳቡን ወደ ጥማድ እናምጣው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው፤ 50 በ 50 ሜትር እንበል። የጂአርዲ ፒክስል 10 ሜትር ስለሆነ ጥማዱ 25 ፒክስል ይይዛል። ነገር ግን ራዳሩ በእርግጥ የሚለየው 20 በ 22 ሜትር ስለሆነ ጎረቤት ፒክስሎች መረጃ ይጋራሉ። በጥማዱ ውስጥ ራሳቸውን የቻሉ ነጥቦች 6 እንኳ አይሞሉም። ስድስቱ እያንዳንዳቸው 4.4 ሉክ ቢኖራቸው በጠቅላላው 25 ሉክ ገደማ ነው፤ ልይይቱ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። ማሳውን በሙሉ ወደ አንድ ቁጥር አጠቃልለን እንኳ፣ ከአንድ ቀን ምስል ከዚህ የተሻለ አይገኝም። በቦታ ላይ ማማከር ቶሎ ግድግዳ ይመታል። መውጫው ጊዜ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

1. ምስሉን መምረጥና ማውረድ

ኮፐርኒከስ ዳታ ስፔስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይመዝገቡ። የሚፈልጉትን ቦታ፣ ለምሳሌ በመራዊ ዙሪያ ያለውን የኮጋ መስኖ ሜዳ፣ በካርታው ላይ ያክብቡ። ከሴንቲኔል-1 ውስጥ አይደብልዩ (IW) የሚለውን የአሠራር ዓይነትና ጂአርዲ የሚለውን የምርት ዓይነት ይምረጡ። አንዱ ፋይል 1 ጊጋባይት ገደማ ስለሚመዝን ኔትወርኩ በሚረጋበት ሰዓት ማውረድ ይሻላል። ኤስኤልሲ (SLC) የሚባለው ዓይነት ብዙ ጊጋባይት የሚመዝን ነው፤ የመሬት መንሸራተትን ወይም የመሬት መስመጥን በሚሊሜትር ለመለካት ካልሆነ አያስፈልግዎትም። ለዚያ ሥራ ከመጡ ደግሞ ከዚህ በታች ያሉትን ማጣሪያዎች አይንኩ፤ እነሱ የሞገዱን ፌዝ (phase፣ ሞገዱ ሲመለስ በዑደቱ ላይ የነበረበትን ቦታ) ይጥላሉ።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። በፋይሉ ስም ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ነው፣ ሰዓቱም የግሪንዊች ነው። 3 ሰዓት ጨምረው ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመልሱት ሳተላይቱ በጎጃም ላይ የሚያልፈው ማለዳ 12 ሰዓት ገደማ ወይም ምሽት 12 ሰዓት ገደማ ሆኖ ያገኙታል። ማለዳ የሚያልፈው ወደ ታች፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ የሚወርደው ጉዞ ነው፣ የምሽቱ ወደ ላይ የሚወጣው። ሁለቱ መሬቱን ከተለያየ ጎን ያዩታል፤ ማለዳ ላይ ጤዛም አለ። ለአንድ ጥናት አንዱን መርጠው ይጽኑበት፤ አንጻራዊ የምሕዋር ቁጥሩም (relative orbit) ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምስል አንድ ይሁን። ይህን የናቀ ሰው በኋላ በጊዜ ማጣራቱ ላይ ዋጋውን ይከፍላል።

ሁለተኛው ነገር የሳተላይቶቹ ዕድሜ ነው። ሴንቲኔል-1ኤ የተወነጨፈችው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። በ2016 የተከተለቻት 1ቢ በ2021 መጨረሻ ላይ ሥራ አቆመች፤ 1ሲ ደግሞ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ወጣች። ለረጅም ዓመታት ተከታታይ መረጃ የሚሰበስብ ሰው የምስሎቹ ብዛት ከዓመት ዓመት እኩል እንደማይሆን አስቀድሞ ይወቅ። በአንድ ሳተላይት በአንድ ምሕዋር ቢሠሩ በየ12 ቀኑ አንድ ምስል ይገኛል፤ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 30 ድረስ 10 ምስል ያህል ማለት ነው።

2. ከስፔክል በፊት የሚጸዱ

ስናፕን ከፍተው የወረደውን ዚፕ ሳይፈቱ ያስገቡት። ራዳር ከሚለው ማውጫ አፕላይ ኦርቢት ፋይል የሚለውን ያስኪዱ። ትክክለኛው የምሕዋር ፋይል የሚወጣው ምስሉ ከተነሳ ከ20 ቀን ገደማ በኋላ ነው፤ ትኩስ ምስል ከሆነ ፋይሉ ባይገኝም ሥራው እንዲቀጥል የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት።

ቀጥሎ ራዲዮሜትሪክ በሚለው ሥር ቴርማል ኖይዝ ሪሙቫል አለ። ይህን ደረጃ ሰው ይዘለዋል፤ መዝለል ግን አይገባም፣ በተለይ ጣና በምስሉ ውስጥ ካለ። የረጋ ውሃ ሞገዱን እንደ መስተዋት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚመልሰው ወደ ራዳሩ የሚመጣው ጥቂት ነው። ያ ጥቂት ደግሞ ከመሣሪያው የራሱ የሙቀት ኖይዝ (መሣሪያው ራሱ ከሚፈጥረው ሁከት) ጋር ይቀራረባል፤ የኖይዙ ወለል በዝርዝር መግለጫው -22 ዴሲቤል ነው። ውጤቱ በቪኤች ባንድ (በቁም ተልኮ በአግድም በሚለካው ሞገድ) ላይ በጣና መካከል ከላይ ወደ ታች የሚሄዱ ሰፋፊ ጅራቶች ናቸው። ጅራቶቹ የሚታዩት ራዳሩ ምስሉን በሦስት ንዑስ ሰንበሮች ስለሚያነሳና የኖይዙ መጠን ከሰንበር ሰንበር ስለሚለያይ ነው። እነዚህን በስፔክል ማጣሪያ ለማጥፋት የሚታገል ሰው መስኮቱን እያሰፋ ይሄዳል፣ ጅራቱ ግን አይነቃነቅም። የሚደመር ነገር ስለሆነ መቀነስ እንጂ ማማከር አያጠፋውም።

የምስሉ ጠርዝ ላይ ያለውን ትርፍ ለመቁረጥ ቦርደር ኖይዝ የሚለውን ያስኪዱ፤ የድሮ ምስሎች ላይ በተለይ ይጠቅማል። ከዚያ ሰብሴት ብለው የሚፈልጉትን ቦታ ብቻ ይቁረጡ። የሳተላይቱ ሰንበር 250 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ለመራዊ ሜዳ ብሎ ያንን ሁሉ ማስላት ኮምፒውተሩን ማሠቃየት ነው።

በመጨረሻ ካሊብሬት ያድርጉ፤ የፒክስሉን ጥሬ ቁጥር ወደ ትክክለኛ የምላሽ ብርታት መለወጥ ማለት ነው። ሲግማ ዜሮና ቤታ ዜሮ የዚህ ብርታት ሁለት አገላለጾች ናቸው፤ ለሜዳ ሲግማ ዜሮ በቂ ነው። ለጮቄ ተዳፋትና ለአዊ ኮረብታዎች ግን ቤታ ዜሮን አስወጥተው በኋላ ቴሬን ፍላተኒንግ የሚለውን ቢያልፉ ይሻላል፤ አለበለዚያ ወደ ሳተላይቱ የዞረው ገደል ሁሉ ደን መስሎ ይደምቃል። እዚህ ላይ ወደ ዴሲቤል ገና አይቀይሩ።

ለምን? ሁለት ፒክስል እንውሰድ፤ አንዱ -8፣ ሌላው -14 ዴሲቤል። ዴሲቤሉን እንዳለ ብናማክር -11 ይሆናል። ወደ መደበኛው መለኪያ ብንመልሳቸው ግን 0.158 እና 0.040 ናቸው፤ አማካያቸው 0.099 ነው፣ ይህም -10 ዴሲቤል ነው። አንድ ሙሉ ዴሲቤል ጠፋ። በ4.4 ሉክ ምስል ላይ በዴሲቤል ማማከር በአጠቃላይ ግማሽ ዴሲቤል ያህል ወደ ታች ያዛባል። ካርታው ላይ ለዓይን አይታወቅም፤ ከሌላ ሰው ውጤት ጋር ሲያነጻጽሩት ግን ልዩነቱ ከየት መጣ እያሉ ይቸገራሉ።

3. ሳያጣሩ መለካት

ከማጣራትዎ በፊት የት እንደቆሙ ይወቁ። በምስሉ ላይ ወጥ የሆነ ቦታ ይፈልጉ፣ ፖሊጎን ይሳሉበት፣ አማካዩንና መደበኛ ልይይቱን ያንብቡ። አማካዩን በራሱ አባዝተው ለልይይቱ ካሬ ሲያካፍሉ የሉኩ ብዛት ይወጣል። 4 ከምናምን ከመጣ ትክክል ነው። 2 ወይም 1.5 ከመጣ የመረጡት ቦታ ወጥ አይደለም።

ጎጃም ውስጥ ወጥ ቦታ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ወደ ጣና ይሄዳል፤ ነፋስ ሲነፍስ ግን የውሃው ገጽ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ በቪኤች ደግሞ የሚለኩት ከግማሽ በላይ የመሣሪያውን ኖይዝ ሊሆን ይችላል። ጣናን ከተጠቀሙ በቪቪ (በቁም ተልኮ በቁም በሚለካው)፣ ከዳር ርቀው፣ ትንሽ ፖሊጎን ይበቃል። የፋግታ ለኮማ የዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ) ተክል ከላይ ሲታይ ወጥ ይመስላል፤ ነገር ግን ለከሰል በየተራ ስለሚቆረጥ የአራት ዓመቱ ከአምናው ጋር ተሰበጣጥሮ ነው የሚገኘው። የተሻለው ጠፍጣፋ የሆነ ሰፊ የግጦሽ ሜዳ ነው፣ ያውም ውሃ ያልተኛበት። ሁለት ሦስት ቦታ ለክተው ትልቁን ቁጥር ይያዙ፤ ትንሾቹ ቁጥሮች ከስፔክል ሌላ ልዩነት አብሮ እንደገባባቸው ይናገራሉ።

4. የአንድ ቀንን ምስል ማጣራት

ራዳር፣ ስፔክል ፊልተሪንግ፣ ሲንግል ፕሮዳክት። እዚያ የሚከፈተው ዝርዝር ረጅም ነው፤ ለእኛ ሥራ የሚሆኑት ሁለት ሦስት ናቸው።

ቦክስካር የሚባለው ዝም ብሎ ያማክራል። ድንበር አያውቅም። ለሰፊ ውሃ ካልሆነ ይለፉት።

ሊ የሚባለውን አሠራር ማወቅ ግን ሌሎቹን ሁሉ ለመረዳት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ሐሳብ ነው። በመስኮቱ ውስጥ ያሉ ፒክስሎችን ልይይት ለአማካያቸው ያካፍላል፤ ያንን ስፔክል ብቻ ቢሆን ሊመጣ ከሚገባው ጋር ያስተያያል። በእኛ ምስል የሚጠበቀው 0.48 ነው። መስኮቱ ውስጥ የተገኘውም 0.48 ከሆነ ቦታው ወጥ ነው፣ ፒክስሉ በአማካዩ ይተካል። የተገኘው 0.96 ቢሆን የሁለቱ ካሬ ንጽጽር ሩብ ይሆናል፤ ማጣሪያው ከፒክስሉ ልዩነት ሦስት አራተኛውን ትቶ ሩቡን ብቻ ይቀንሳል። እዚያ ጋ ስፔክል ብቻ ሳይሆን እውነተኛ ድንበር አለ ብሎ ያምናል ማለት ነው። ለዚህ ነው የሉክ ቁጥሩን በትክክል መስጠት ያለብዎት። ስናፕ ራሱ እንዲገምት የሚያደርግ ሳጥን አለው፤ እኔ ግን በደረጃ 3 የለካሁትን ማስገባት እመርጣለሁ። ሉኩ 1 ነው ብለው ከነገሩት ስፔክሉን ከእውነቱ አብዝቶ ስለሚገምት የማሳ ድንበሩን ሁሉ ያለሰልሰዋል።

ሪፋይንድ ሊ የእሱ ልጅ ነው። ድንበር ሲያገኝ ድንበሩ ወደየት እንደሚያዘነብል አይቶ፣ መስኮቱን ለሁለት ከፍሎ ፒክስሉ ካለበት ወገን ብቻ ያማክራል። መንገድና የመስኖ ቦይ ሲጠብቅ ጥሩ ነው። ድክመቱ በስናፕ ውስጥ መስኮቱ 7 በ 7 ሆኖ መቆለፉ ነው። 70 ሜትር ማለት ነው፤ ጥማዱ ደግሞ 50።

ሊ ሲግማ በስናፕ አስቀድሞ ተመርጦ የሚቀርበው ነው። ከመካከለኛው ፒክስል እጅግ የራቁትን ከማማከሩ ያስወጣል፣ በጣም ደማቅ የሆኑትንም እንደ ዒላማ ቆጥሮ ሳይነካ ያልፋቸዋል። የቆርቆሮ ቤቶችና የመራዊ ከተማ ጠርዝ በዚህ ይጠበቃሉ። ሲከፈት ሉክ 1፣ መስኮት 7 በ 7፣ ሲግማ 0.9፣ የዒላማ መስኮት 3 በ 3 ብሎ ይመጣል። ለጂአርዲ ሉኩን 4 ያድርጉት። መስኮቱን ለማሳ ሥራ 5 በ 5 ያድርጉት። ሲግማውን አይንኩት።

ለጎርፍና ለውሃ ጠርዝ ሥራ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። የግልገል ዓባይ ውሃ ሲተኛ በሄክታር ሳይሆን በጋሻ ነው የሚተኛው፤ እዚያ 7 በ 7 ወይም 9 በ 9 ቢያደርጉ የሚያጡት ጥቂት ነው፣ ውሃውና የብሱም ጥርት ብለው ይለያሉ። እምቦጭን በጣና ላይ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ አስቸጋሪው ስፔክሉ ብቻ አይደለም፤ በነፋስ የተናወጠ ውሃ በቪቪ ልክ እንደ እምቦጩ ይደምቃልና ቪኤችን ጨምሮ ይመልከት።

5. በጊዜ ማጣራት

ለማሳ ሥራ ዋናው ደረጃ ይህ ነው። 10 ምስል ቢኖርዎትና በመካከላቸው ምንም ባይለወጥ፣ ፒክስል በፒክስል ማማከሩ ሉኩን በ10 ያባዛዋል፣ የቦታ ጥራቱ ግን ቅንጣት አይነካም። ጥማዱ ላይ የነበረን 25 ሉክ 250 ይሆናል፤ ልይይቱ ከ20 ወደ 6 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ለቋሚ ነገሮች ካርታ፣ ለባሕር ዛፍ ደን፣ ለመንገድ፣ ለቦይ፣ ለመንደር፣ ይህ ተራ አማካይ ከማንኛውም የተራቀቀ ማጣሪያ ይበልጣል።

ግን ክረምት ላይ ምንም የማይለወጥ ማሳ የለም። ሰኔ ላይ የታረሰው ሐምሌ ላይ ይዘራል፣ ነሐሴ ላይ ይሸፍናል። ዝናብ የጠጣ አፈር ከደረቀው በላይ ይደምቃል። ስለዚህ በተራ ከማማከር ይልቅ ሥራውን ለመልቲ ቴምፖራል ማጣሪያው ይስጡት። ኪጋንና ዩ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያቀረቡት አሠራር እንዲህ ነው። እያንዳንዱን ቀን ለየራሱ የአካባቢ አማካይ ያካፍላል፤ የሚቀረው ባብዛኛው ስፔክሉ ብቻ ነው። እነዚያን የሁሉንም ቀኖች ውጤቶች ያማክራቸዋል። ከዚያ በሚፈለገው ቀን የአካባቢ አማካይ መልሶ ያባዛዋል። ስለዚህ የሐምሌ ምስል የሐምሌን ብርሃን እንደያዘ ይቆያል፣ ስፔክሉ ግን ከሌሎቹ ቀኖች ጋር ተጣፍቶ ይቀንሳል።

አሠራሩ፦ ሁሉንም ምስሎች እስከ ደረጃ 2 መጨረሻ ያድርሱ፣ ከተቻለ በአንድ ወሰን ይቁረጧቸው። ኮሬጂስትሬሽን ውስጥ ባለው ክሬት ስታክ ይደርድሯቸው፤ ለመደርደሪያው የምርቱን ምሕዋር ይጠቀሙ። ሲጨርሱ ሁለት ቀኖችን እያፈራረቁ ቦይና መንገድ ቦታቸውን እንዳልለቀቁ በዓይን ያረጋግጡ። አንድ ፒክስል እንኳ ከተንሸራተተ ማጣሪያው ድንበርን በድንበር ላይ ይደርባል። ከዚያ ስፔክል ፊልተሪንግ ውስጥ መልቲ ቴምፖራል የሚለውን ያስኪዱ።

አንድ ወጥመድ አለ። ማጣሪያው የአካባቢ አማካዩን የሚያወጣው በመስኮት ነው። መስኮቱ ከማሳው ከሰፋ፣ አንዱ ገበሬ ቀድሞ አርሶ ጎረቤቱ ሳያርስ የቀረበት ቀን በክፍፍሉ ውስጥ ስፔክል መስሎ ያልፋል፤ ከዚያም ያላረሰበት ቀን ላይ የድንበሩ ጥላ ይታያል። የሐምሌ 5 እርሻ በሰኔ 20 ምስል ላይ ይወጣል። እንዲህ ያለ ነገር ካዩ መስኮቱን ወደ 3 በ 3 ያውርዱ፣ ወይም የምስሎቹን ብዛት ቀንሰው በአንድ የሥራ ወቅት ውስጥ ያሉትን ብቻ ይደርድሩ፤ የእርሻውን ለብቻ፣ የቡቃያውን ለብቻ። በኮጋ ከኅዳር ጀምሮ ለሚዘራው የመስኖ ስንዴም ይኸው ይሠራል፤ ውሃ በተራ ስለሚለቀቅ አንዱ ማሳ እርጥብ ሌላው ደረቅ ሆኖ የሚታይበት ቀን ይበዛል።

ከጊዜ ማጣሪያው በኋላ ምስሉ አሁንም ከነጠብጣቡ ካልጸዳ፣ ያን ጊዜ 5 በ 5 የሆነ ሊ ሲግማ ይደረብበት። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ጊዜ፣ ቀጥሎ ቦታ ነው።

6. ያጠፉትን መመርመር

ለስላሳ ምስል ዓይን ያታልላል። ስለዚህ ባንድ ማትስ በሚለው ከፍተው ያልተጣራውን ለተጣራው ያካፍሉት። ስፔክል የሚባዛ ስለሆነ ከክፍፍሉ መውጣት ያለበት ንጹህ ስፔክል ነው፦ አማካዩ 1 የሚጠጋ፣ ልይይቱ 0.48 የሚጠጋ፣ ቅርጽ የሌለው ነጠብጣብ። በዚህ ምስል ላይ የኮጋ ዋና ቦይ ከታየ፣ ከባሕር ዳር ወደ መራዊ የሚወስደው አስፋልት ከታየ፣ የማሳ ጠርዝ መረብ ከታየ፣ ማጣሪያው ስፔክል ብቻ ሳይሆን ሀገሩንም አንስቶ ወስዷል። መስኮቱን ቀንሰው ይድገሙ። አማካዩ 0.9 ወይም 1.1 ከሆነ ደግሞ ማጣሪያው ብርሃኑን አዛብቷል፤ ብዙ ጊዜ በዴሲቤል ላይ ሲያጣሩ የሚመጣ ምልክት ነው።

የሉክ ቁጥሩንም በደረጃ 3 ፖሊጎኖች ላይ እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ከ4 ወደ 30 ወይም 40 ቢወጣ ደስ ይላል፤ ግን የክፍፍሉ ምስል ንጹህ ካልሆነ ቁጥሩ ብቻውን ምስክር አይሆንም። መስኮቱን ዝም ብሎ በማስፋት ማንም ቁጥሩን 200 ሊያደርሰው ይችላል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ አዳዲስ ማጣሪያዎች ዓይንን በጣም ያስደስታሉ። የሠለጠኑበት መሬት የጎጃምን ጥማድ የማይመስል ከሆነ ግን የሌለ ድንበር ሊስሉ ይችላሉ፤ በዚሁ የክፍፍል ፈተና ሳይፈትኑ አይመኑአቸው።

7. ካርታ ላይ ማስቀመጥ

ሬንጅ ዶፕለር ቴሬን ኮሬክሽን መጨረሻ ላይ ይመጣል። ምስሉን አጣሞ ወደ ካርታ ሲያሳርፈው ፒክስሎችን ስለሚያዋውጥ የስፔክሉን ባሕርይ ይለውጠዋል፤ ማጣራቱ ከእሱ በፊት እንዲሆን የሚመከረው ለዚህ ነው። የከፍታ ሞዴሉን ኮፐርኒከስ 30 ሜትር፣ የካርታ ሥርዓቱን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ያድርጉ። ከዚህ በኋላ ብቻ ወደ ዴሲቤል ይቀይሩ።

ደጀን አካባቢና የዓባይ ሸለቆ ዳር ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር፦ ገደሉ ወደ ራዳሩ ሲዞር አናቱ ከእግሩ ቀድሞ ይደርስና አንዱ በሌላው ላይ ይተኛል፤ በሌላው ወገን ደግሞ ጥላ ይሆናል። ይህ የጂኦሜትሪ ችግር ነው፣ የትኛውም ማጣሪያ አያስተካክለውም። እነዚያን ቦታዎች በማስክ አውጥቶ መተው ነው፣ ወይም የሌላውን ጎን ጉዞ መጠቀም።

ይህን ሁሉ ማውረድና ማስላት የሚከብደው ሰው ጉግል ኧርዝ ኢንጂንን መጠቀም ይችላል። እዚያ ያለው የሴንቲኔል-1 ስብስብ የሙቀት ኖይዙ የተቀነሰለት፣ ካሊብሬት የተደረገና ካርታ ላይ የተቀመጠ ነው። ስፔክሉ ግን እንዳለ ነው፤ የተለመደው ስብስብ በዴሲቤል ስለሆነም ከማጣራትዎ በፊት 10ን በዴሲቤሉ አሥረኛ ከፍ አድርገው ወደ መደበኛው ይመልሱት። ካርታ ላይ አስቀድሞ ስለተቀመጠ የክፍፍል ፈተናው ልይይት ከ0.48 ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ጊዜን ማማከር ግን እዚያ በጥቂት መስመሮች ያልቃል።

በስናፕ የሚሠሩ ከሆነ ደረጃ 2ን በግራፍ ቢልደር ሠርተው ያስቀምጡትና በባች ፕሮሰሲንግ የክረምቱን ምስሎች በአንድ ሌሊት ያስኪዷቸው። በውጤቱ ፋይል ስም ላይ የማጣሪያውን ዓይነት፣ የመስኮቱን ስፋትና ያስገቡትን የሉክ ቁጥር ይጻፉ፤ ያልተጣራውን ካሊብሬት የሆነ ፋይልም አይሰርዙ፣ የክፍፍሉ ፈተና ያለ እሱ አይሠራም።